የደረቀው ፍሬ ስም

ሹፌሩ ከሻይ ብርጭቆው ውስጥ ጥቁሩን፣ የተጨማደደውን ፍሬ በማንኪያ አውጥቶ ሲያገላብጠው ሻይ ሻጯ ማኅደር ፊቱን ታነብ ጀመር። ጠዋት የሱዳኗ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ተሸካሚዎች "የፍየል በጠጥ ልታጠጪን ነው?" ብለው ስቀውባት ነበር። እሷ ግን ቆርቆሮ ጣራዋ ላይ ወር ሙሉ ያደረቀችውን ፍሬ ከጠረጴዛዋ አላነሳችም።

"ሌሙን ነው" አለችው በአረብኛ። እዚህ ሎሚ ስትል የሚገባው ሰው ስላጣች፣ የገዛ ቃሏን ከተወች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ሹፌሩ ደግሞ ፉት አለ። "ሌሙንማ ሌላ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ኩዌት ዐሥር ዓመት ስነዳ ይህን ነበር የምጠጣው። እዚያ ሲደርቅ ሉሚ ይሉታል። አንቺ ከየት አወቅሽው፣ እኅቴ?"

ማኅደር ጀርባዋን አቀናች። "እኛ አገር እርጥቡም ደረቁም ሎሚ ነው።"

ሹፌሩ ጨልጦ ድገሚኝ አላት። ይህን ያየ፣ ጠዋት ከሳቁባት አንዱ ተሸካሚ ጠጋ ብሎ ብርጭቆውን ዘረጋ። "ለእኔም ከዚያ ሌሙን ጣል አድርጊልኝ።"

ፍሬውን በሁለት ጣቶቿ ከብርጭቆው በላይ ይዛ ቆየች።

"ሎሚ በል" አለችው፤ "ከዚያ እጥልልሃለሁ።"