ነፋሱ ከየት ነው?

ጥንብ አንሳው ከግራ ክንፏ ሥር ብቅ አለና አንገቱን ሰበር አድርጎ አያት። ኢንሻራህ ከሸራ ክንፏ ሥር በሆዷ እንደተንጠለጠለች ገላዋን ወደ ግራ ሸርተት አደረገች። ክንፉ ዘንበል አለላት፤ ሁለቱም ያንኑ የሞቀ አየር ይዘው፣ ጎን ለጎን እየዞሩ ወደ ላይ ወጡ። የሐረጎ ተራራ ከበታቿ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ተራራው ላይ እንደተጣለ መቀነት ይጠማዘዛል፤ እያቃሰቱ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል።

ቱርክ አገር ለትምህርት በሄደች ጊዜ መብረር የተማረችበት ክንፍ ሰፊና ታጋሽ ነበር፤ ቢሳሳቱበት ይቅር ይላል። ይሄኛው ቀጭን፣ ረጅም፣ ከላዩ ምሰሶም ሽቦም የሌለው፣ ለፍጥነት የተሠራ ነው። የፊቱን ዘንግ ወደ ሆዷ ሳብ ስታደርገው ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ያፏጫል፤ ሸንተረሩ ከሥሯ እየሸሸ ያልፋል። ለቀቅ ስታደርገው ደግሞ ያንኑ ፍጥነት ከፍታ አድርጎ ይመልስላታል። ምንም አያባክንም። ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው። ይህን የሠራ የሰው እጅ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቃታል።

ዞር ስትል ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተኮራምታ ታየቻት። የፒያሳ ቆርቆሮዎች ያብለጨልጫሉ። ከአንዱ ሥር አባቷ ኑርሁሴን ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ይሆናል። «ከገደል ስትወረወሪ ቆሜ አላይም፤ ወላሂ አላይም!» ብለው ከማሉ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላወጡላትም።

ደረቷ ላይ የታሰረው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። «ኢንሻራህ፣ ትሰሚኛለሽ?» ፈንታሁን ነው፤ ከታች በፒክአፕ ቀድሟት ወርዶ የምታርፍበትን ማሳ የሚጠብቅላት ጓደኛዋ።

«እሰማሃለሁ።»

«አባትሽ መጥተዋል።»

ኢንሻራህ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ ከፍታ ሰው አይለይም።

ወዲያው ፀሐይዋን ደመና ሸፈናት። የሚያነሳት ሙቀት ከሥሯ ጠፋ፤ ጥንብ አንሳውም ወደ ገደሉ ተመለሰ። ኢንሻራህ የክንፉን አፍንጫ ወደ ሜዳው አዞረች። የሚሌኒየሙ ባንዲራ ገና ያልወረደባቸው የኮምቦልቻ መንገዶች፣ ከዚያም የቦርከና ወንዝ፣ ከዚያም የታጨደው የጤፍ ማሳ መጣ። ዳር ዳሩን ሰው ሞልቶታል። ፈንታሁን ለነፋስ ምልክት ያቆመው ባለ ቀይ ጨርቅ እንጨት ግን አይታይም።

«ፈንታሁን! ጨርቁ የታለ? ነፋሱ ከየት ነው?»

«ሰዉ ተጋፍቶ ጣለው! እኔ ሰዉን ከማሳው ላስወጣልሽ፤ ሬዲዮኑን አባትሽ ይያዙት!»

ሬዲዮኑ እጅ ቀየረ። ከዚያ አንድ የሚያመነታ ድምፅ መጣ፤ «ቢስሚላሂ... አንቺ ልጅ?»

«አባባ! ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከፊቴ ነው!»

«ፊትዎ ወደየት ነው?»

«ወዳንቺ ነዋ!»

እሷ እየዞረች ነው፤ እሳቸውም እሷን እየተከተሉ ይዞራሉ። ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ይህን ክንፍ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ማሳረፍ ከሚሮጥ መኪና ላይ መዝለል ማለት ነው።

«አባባ፣ ትከሻዎ ላይ ያለውን ፎጣ ከፍ አድርገው ይያዙልኝ። እስካርፍ ድረስ ከቦታዎ እንዳይነቃነቁ!»

«አብሽሪ» አሏት፤ «ይኸው።»

ከማሳው መሐል አንድ ነጭ ነገር ተነሣ፣ ተዘረጋ። ጫፉ ወደ ሜዳው ይውለበለባል፤ ነፋሱ ዞሮ ከተራራው በኩል ይመጣል ማለት ነው። እሷ ልትገባ ያሰበችው በተቃራኒው ነበር! ገላዋን ሙሉ ለሙሉ ወደ አንድ ጎን ወረወረች። ክንፉ ለመዞር አይቸኩልም፤ አንገራገረ፣ ከዚያ እሺ አለ። መሬቱ በጎን ተነሥቶ ቀረባት፣ ተስተካከለ። አሁን ነፋሱ ፊቷ ላይ ነው።

ከገለባው በላይ ክንድ በማትሞላ ከፍታ በረረች። ክንፉ መሬት አልነካም አለ፤ ይንሸራተታል፣ ይንሸራተታል። ሬዲዮኑ ውስጥ የአባቷ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ማንሣት ረስተዋል። «ያ ረቢ፣ ልጄን... ያ ረቢ...» ይላሉ። ዞር እንዲሉላት ልትነግራቸው አልቻለችም፤ እሳቸው ቁልፉን እስካለቀቁ ድረስ የሷ ድምፅ አይደርሳቸውም። ክንፉን በጥቂቱ ወደ ሌላው ጎን ዘንበል አድርጋ አለፈቻቸው። የክንፉ ጫፍ ከተዘረጋው ፎጣ በላይ ሲያልፍ ጎንበስ እንኳ አላሉም።

የማሳው መጨረሻ የእሾህ አጥር ነው። ኢንሻራህ ጠበቀች። ዘንጉን ቀድማ ብትገፋው መልሶ ወደ ላይ ይወስዳታል፤ ብትዘገይ አጥሩ ላይ ነች። ጠበቀች። ፍጥነቱ ከመዳፏ ውስጥ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ተሰማት፤ ያኔ በሁለት እጇ ዘንጉን ወደ ላይ ገፋችው። ክንፉ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እግሮቿንም ገለባው ላይ አኖራቸው።

በጉልበቷ ተንበረከከች። ከሩቅ እልልታ ይሰማል። ሰዉ ገና ማሳውን እያቋረጠ ነው፤ ደረቷ ላይ ካለው ሬዲዮ ግን ድምፅ ቀድሞ ደረሳት።

«የማን ልጅ ናት?» ይላል የማታውቀው ሰው።

«የኔ ናት። ኢንሻራህ ነው ስሟ።»

«በጭንቅላትዎ ላይ እኮ ነው ያለፈችው! እንዴት ዞር አይሉም?»

«አትነቃነቅ ብላኛለቻ» አሉ አባቷ።

ኢንሻራህ ሬዲዮኑ ክፍት መሆኑን ልትጮህላቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው፤ በክንፉ ጥላ ሥር ጎንበስ ብላ ማዳመጧን ቀጠለች።