ያልተበጠሰው መስመር

የኔትወርክ ማስተካከያው ኮድ አዲስ እትም ወጣና ጠዋት የከዚራ ሰፈር ሁሉ ደረሰው። ከእንግዲህ መስመር ቢበላሽ ሰው ሳይነካው ራሱን በራሱ ይጠግናል። ኮዱ የማንም አይደለም፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። የድሬዳዋ ሙቀት መስመሩን ሲያውከው ምን መደረግ እንዳለበት ኮዱ ውስጥ የጻፉት ደግሞ የሰፈሩ መስመር ጠጋኝ ራሳቸው ጋሽ ተካልኝ ናቸው።

"አንበሳ!" አሉ በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ ስክሪኑን እያዩ። የአንድም ቤት መስመር አልተቋረጠም።

አንድም ሰው በራቸውን አላንኳኳም። ሌላ ቀን ቢሆን ይሄኔ አንዱ ቤት መስመር ቀጥለው፣ ሌላው ቤት ከጣፋጭ ሐላዋ ጋር ሻይ ቀርቦላቸው ሲጫወቱ ነበር። ዛሬ ምሳቸውንም ብቻቸውን በሉ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ጽጌ ብቅ አሉ።

"ጋሽ ተካልኝ፣ ኔትወርኬ ጠፍቶብኝ ነው። እስቲ ይዩልኝ።"

ያለ ኔትወርክ የማይሠራው የእትዬ ጽጌ ቴሌቪዥን ከአጥሩ ማዶ "ጎል!" እያለ ይጮሃል። ጋሽ ተካልኝ ጥቂት አዳመጡት።

"ይሄማ ከባድ ብልሽት ነው" አሉና የመሣሪያ ቦርሳቸውን አነሡ። "ጊዜ ይፈልጋል።"

"ይፈልጋላ! ሻይ ጥጄ ነው የመጣሁት።"