ለዶሮዎቹ የደረሰው ፎም

«እማ፣ ዛሬም ዛፍ ስር ነሽ አሉ!»

መልካሙ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ጓንቱን እያወለቀ ነው የሚጮኸው...

ያለው በወላይታ ቆላ፣ ሁምቦ፣ አንድ የዶሮ እርባታ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራው ፎም መርጨት ነው። ከሶዶ ማሽን ጭነው ይመጡና የቆርቆሮ ጣራን ከውስጥ በኩል ይረጩታል። ፎሙ እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና ይደርቃል... ከዚያ በኋላ የፀሐዩ ግለት ወደ ቤት አይዘልቅም።

የእናቱ ቤት ከእርባታው ብዙም አይርቅም።

«ቤቱ ይግላል ልጄ» አሉ እማማ ቦሼ። «ቀን ቀን አያስቀምጥም... ያን ለሰው የምትረጨውን ነገር ለእኔም ብታደርግልኝ...»

«እረጭልሻለሁ አልኩ እኮ! እስከዚያ ግን ውስጥ ተቀመጪ! ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? መልካሙ እናቱን ሜዳ ላይ ጣላት እያለ ነው!»



«እሺ፣ ታ ናዓው» አሉ እማማ ቦሼ። በወላይትኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «እገባለሁ። አንተ ብቻ አትናደድ።»

ጆሯቸው ላይ ዘጋው።

እማማ ቦሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በሣር ቤት ነበር። ውጭ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ውስጡ ቀዝቀዝ የሚል ቤት።

መልካሙ ሶዶ ገብቶ ሰው ሲሆን የሣር ቤቱ አሳፈረው።

አፈረሰው! በቦታው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ የቆርቆሮ ቤት አቆመላቸው። ኮርኒስ እንኳን የለውም።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ የመጣ ዘመድ ሁሉ «ቦሼ ታድላ! ምን ዓይነት ልጅ ወለደች!» አለ። የመልካሙ ደረት ተነፋ።

በጋው ሲገባ ግን ቤቱ እሳት ሆነ... እናት ቀኑን ዛፍ ስር መዋል ጀመሩ።

ወደ ዶሮ እርባታው እንመለስ።

የእርባታው ባለቤት ወይዘሮ ሐመልማል አዲሱን ጣራ ቀና ብለው እያዩ ጠየቁ።

«እውነት ይሄ ነገር ለዶሮ ያን ያህል ያስፈልጋል?»

«እንዴ! ሁምቦ እኮ ነው!» አለ መልካሙ። «በባዶ ቆርቆሮ ስር ካዋሏቸው በሙቀት ያልቃሉ።»

በገዛ አፉ ነው ያለው... አዎ፣ ይኸው ሰው!

ሥራው አለቀ። አለቃው ጋሽ ጌታሁን ዕቃ እያስጫኑ ጠሩት።

«መልካሙ፣ የእናትህ ቤት እዚሁ አይደል? ማሽኑ አለ፣ ፎምም ተርፎናል። ረጭተንላቸው እንለፍ።»

መልካሙ ገና ንዴቱ አልበረደለትም።

«ሌላ ጊዜ ጋሼ። ዛሬ ፊቷንም ማየት አልፈልግም።»

መኪናው የእናቱን መታጠፊያ አልፎ ወደ ሶዶ ወጣ...

በሳምንቱ ስልክ ተደወለለት። የእናቱ ጎረቤት እትዬ አባይነሽ ናቸው። እያለቀሱ ነገሩት።

እማማ ቦሼ በጠራራ ፀሐይ ቤት ውስጥ ወድቀው ተገኙ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መልካሙ ያስመጣው የሥራ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። መልካሙ ቱታውን በሐዘን ልብሱ ላይ ደርቦ ማሽኑን ማውረድ ጀመረ። ሰው ሁሉ «ልጁ አበደ» አለ። ማንም ግን አልከለከለውም... ሐዘንተኛን ማን ይከለክላል?

ቤቱ ውስጥ ገብቶ ገና መርጫውን ወደ ጣራው ሲያነሳ እትዬ አባይነሽ ተከትለውት ገቡ።

«ደግሞ ምን ልትረጭ ነው? ያኔ ረጭተህላት የለም እንዴ?»

መልካሙ ዞረ።

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

«ራሷ ናታ! በስልክ ያወራችሁ ዕለት ከዛፉ ስር ተነስታ ገባች። ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ውጭ አላየናትም... እኛ እኮ ግለቱ አሳስቦን በደቦ ትንሽ የሣር ጎጆ ልንሠራላት ሣሩን ሁሉ አጭደን ነበር።»

«እና?»

«እምቢ አለች! በሩ ላይ ቆማ ‹ልጄ መጥቶ ረጭቶልኛል፣ ቤቴ አሁን ብርድ ብርድ ይላል፣ አትልፉ› አለችን። ፊቷ ላብ በላብ ነበር... ‹እሳት ዳር ሆኜ ነው› አለች። እንግባና እንየው ስንላት ‹ሽታው እስኪወጣ ሰው አይግባ ብሎኛል› ብላ መለሰችን።»

እትዬ አባይነሽ ወደ ባዶው ቆርቆሮ ቀና አሉ። ያኔ ገባቸው...

«አንተ... አልመጣህም ነበር?»

መልካሙ መሬት ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

እናቱ ስሙን ሲያጠፉ የነበሩ መስሎት ነበር። እሳቸው ግን እሱ እንዳይታማ ብለው የዛፉን ጥላና የጎረቤቶቹን ጎጆ ትተው በዚያ ግለት ውስጥ በር ዘግተው ነበር የሚውሉት!

ያን ቀን ጣራውን ረጭቶ ጨረሰው። ዛሬ ያ ቤት ከአካባቢው ቤቶች ሁሉ ቀዝቃዛው ነው ይላሉ።

የሚኖርበት ሰው ግን የለም...

ወዳጆቼ፣ ለወላጅ የምንሠራው ነገር ሰው አይቶ እንዲያጨበጭብልን ከሆነ ለራሳችን ነው የሠራነው። እናት «ይበቃኛል፣ ደህና ነኝ» ስትል ዝም ብላችሁ አትመኑ። ግቡና ቤቷ ውስጥ አብራችኋት ዋሉ! ያኔ ምን እንደሚጎድላት ሰውነታችሁ ይነግራችኋል። ሌላ ጊዜ የምንለው ጊዜ ደግሞ የእኛ አይደለም።

እስቲ እናንተም በኮሜንት ንገሩኝ... እናታችሁ የእናንተን ስም ለመጠበቅ ብላ ለሰው የዋሸችው ነገር ምን ነበር? ያወቃችሁትስ መቼ ነው?