ከክፈፉ ውጭ

የፎቶግራፍ ታሪክና ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምረውን ሽማግሌ ተማሪዎቹ «ርጥቡ» ይሉታል። ፎቶ ከሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ሲወጣ የሸሚዙ እጅጌ ሁልጊዜ ውሃ ጠጥቶ፣ ኬሚካል ኬሚካል እየሸተተ ነው። እጅጌ መሰብሰብ የሚባል ነገር ያስተማረው የለም። ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ተማሪ እሱ ሲያልፍ አፍንጫዋን ትይዛለች። ጓደኞቿ «ዳኛዋ» ነው የሚሏት፤ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ፍርድ ስለምትሰጥ።

ነገሩን ያከረረው አንድ ፎቶግራፍ ነው።

የድሮ ፎቶ ነው፤ ተመራማሪ ነን የሚሉ ሰዎች በየገጠሩ እየዞሩ ሰውን እንደ እንጨት እየለኩ ያነሱ በነበረበት ዘመን የተነሳ። አንዲት ሴት ራቁቷን ቆማለች። ከጎኗ ቁጥር የተጻፈበት የመለኪያ በትር ተተክሏል። ከሥሯ «የጎልማሳ ሴት ናሙና» ይላል። ጠርዙ ላይ የአንድ ትንሽ ልጅ እጅ ጭኗን ጨብጧል፤ ክንዱ ላይ እንደ ባላ ለሁለት የተሰነጠቀ የእሳት ጠባሳ አለ። የቀረውን ልጅ ክፈፉ ቆርጦታል።

ርጥቡ ሌሎቹን ፎቶዎች ቶሎ ቶሎ ያሳልፋል። ጦር ሜዳው፣ ነገሥታቱ፣ የመጀመሪያዎቹ የከተማ ጎዳናዎች፣ ሁሉም አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ደርሷቸው ይሄዳሉ። እዚህች ሴት ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። መብራቱ ጠፍቶ፣ ተማሪው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጨንቆት፣ እሱ አተኩሮ ያያታል። ከዚያ የተለመደችውን ጥያቄውን ይጠይቃል።

«ከክፈፉ ውጭ ማን ቀረ?»

ከኋላ ያሉት ያዛጋሉ። ዳኛዋ ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ቀን ግን አላስቻላትም። «መምህር፣ የዚያ ዘመን ፎቶ ሞልቶ ተርፎ፣ ለምን ሁልጊዜ እሷን ብቻ?»

«ሌላ ፎቶ የላትም» አለ ርጥቡ።

ክፍሉ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሽማግሌ፣ አለች በሆዷ።

በዚያው ሳምንት የቤት ሥራዋን ልታጥብ ወደ ጨለማው ክፍል ሄደች። ጥቁሩን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ ርጥቡ በቀዩ መብራት ሥር ጎንበስ ብሏል። እጁን ከነእጅጌው ሳህኑ ውስጥ ነክሮ፣ ውሃ ውስጥ የተኛችውን ሴት ጉንጭ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከፎቶ ጋር ያወራል። አጠገቡ መሳቢያው ተከፍቷል፤ ከላይ እስከ ታች ያቺው ሴት ናት።

ዳኛዋ ሥራዋን ሳትነካ ተመለሰች።

የምትኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነች አክስቷ ጋር ነው። ገና ከበሩ ጀመረች።

«ሰውየው በሽተኛ ነው፣ እትዬ። መሳቢያ ሙሉ የራቁት ፎቶ። ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።»

አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «ያ እኔ ጋ ሸሚዝ የሚያሰፋው? በዚህ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓ ይድረስ የሚለው? ጨዋ ሰው ነው እኮ።»

«ጨዋነት በእጅጌ አይለካም።»

«ይሁንልሽ። ግን ጡረታው አፋፍ ላይ ነው፤ አሁን ቢያባርሩት ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። አስቀድመሽ ራሱን ጠይቂው። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይባላል።»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? አጠገቡ መቆም ራሱ ይቀፈኛል።»

አክስቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

በማግስቱ ዳኛዋ የኮሌጁ ዲን ቢሮ ገብታ ያየችውን ዘረገፈችው። ዲኑ ነገር ማክረር የሚወድ ሰው አይደለም፤ ይህኛውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተጨማደደ። ሁለቱም ወደ ጨለማው ክፍል ወረዱ። ርጥቡ እጁ ገና ከውሃ መውጣቱ ነበር።

«መሳቢያውን ይክፈቱልኝ» አለ ዲኑ። «የተባለው እውነት ከሆነ ዛሬውኑ እንሰነባበታለን። የመስታወት ኔጋቲቩም መጋዘን ገብቶ ይቆለፍበታል።»

ሽማግሌው ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው። «እኔን አሰናብቱኝ» አለ። «ኔጋቲቩን ግን አትውሰዱብኝ።»

ዳኛዋ አፍንጫዋን ያዘች። እንጀራው ሊቋረጥ፣ ስሙ ሊጠፋ፣ እሱ የሚለምነው ለዚያች ቆሻሻ መስታወት ነው።

ዲኑ ፎቶዎቹን እያነሳ አየ። አንዱን አስቀምጦ ሌላውን አነሳ። በሁሉም ላይ የሴትዮዋ ገላ ከአንገቷ በታች ብርሃን እንዳይነካው ተከልሎ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ነጠላ የለበሰች ነው የምትመስለው። በትሩ የለም። ጽሑፉም የለም። የቀሩት ፊቷና ያ የልጅ ክንድ ናቸው።

«ገላዋን አጥፍተውታል እኮ» አለ ዲኑ ግራ ገብቶት።

«ሲነቃበት ያደረገው ነዋ» አለች ዳኛዋ። አንዱን ፎቶ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እሺ፣ ለእሷ አላፈሩም። ይሄ ልጅስ? እናቱ ራቁቷን ቆማ ስትለካ እያየ እኮ ነው። አንድ ቀን እንኳ እሱ ምን ተሰማው ብለው አስበው ያውቃሉ?»

ርጥቡ የግራ እጅጌውን ቁልፍ ፈቶ እርጥቡን ጨርቅ እስከ ክርኑ ሰበሰበና፣ እንደ ባላ ለሁለት የተሰነጠቀውን ጠባሳ ከፎቶው ጎን አሳረፈው።