የመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ

ሮስኮ የመጀመሪያዋን ቃል እንዳወጣ ስህተቱን ያውቀዋል። ድምፁ ከአፉ ወጥቶ አይመለስለትም። ወፍራሙ መጋረጃና የመድረኩ ምንጣፍ ዋጥ ያደርጉታል። ዘፈኑን ከፍ ባለ ቅኝት ነው የጀመሩት፤ ለጉሮሮው በጣም ከፍ ባለ።

ቅድም ከመድረኩ ጀርባ ባለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አራቱም ዘፋኞች ክብ ሠርተው ነበር። የኒውአርክ የመንገድ ጥግ ዘፋኞች ልማዳቸው ነው፤ ያለ መሣሪያ ስለሚዘፍኑ መነሻ ድምፃቸውን የሚይዙት ግድግዳው ሴራሚክ በሆነ፣ ማሚቶው በሚያምር ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ ማንም ንጉሥ ነው። ሮስኮም ተታለለ፤ ጎረምሳ የሆነ መሰለው። በቅርቡ የተቀላቀላቸው ዴሾን ብቻ፣ "አጎቴ፣ ትንሽ ዝቅ ብናደርገውስ?" አለ።

ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሽማግሌው ክሊዮፈስ ቀድሞ መለሰለት። "ዝቅ የሚደረግ ሬሳ ነው።" ሳቁ። ሮስኮም አብሮ ሳቀ።

አሁን ዘፈኑ ወደዚያች ቃል እየሄደ ነው። ፍቅረኛውን መስኮቷ ሥር ቆሞ መብራቱን እንዳታጠፋ የሚለምን ሰው ዘፈን ነው፤ መጨረሻው ላይ "አታጥፊው" የምትለዋ ቃል እንደ ቀጭን ክር ተስባ ጣሪያ ትነካለች። ሮስኮ ሸክላ ላይ ያስቀረጻት ጢሙ ሳያቀመቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ያልነካው የለም። አንዲት የገጠር ዘፈን ዘፋኝ እዚያች ቃል ላይ ወደ ታች ወርዳ አለቀሰችበት። የጃማይካ ሙዚቀኞች ቃሏን ለማሚቶ ማሽን ተዉለት። ጊታር የሚሰባብሩት ልጆች ደግሞ ዝም ብለው ጮኹና አለፉ። ሁሉም ዞሮ የሚያልፍበት አገኘ። እሱ ግን መዞሪያ መንገድ የለውም፤ ሰው የመጣው ቃሏን ከባለቤቷ አፍ ሊሰማ ነው።

ባለፈው ትሬንተን ከተማ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ተዘጋበት። ሰዉ ከንፈሩን እየመጠጠ አጨበጨበለት። ዛሬ ከሰዓት ሲገቡ አዘጋጇ ሴትዮ ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችውና በለሰለሰ አንደበት ነገረችው፤ ያ ነገር ከተደገመ ከእንግዲህ ፊት የሚቆመው ዴሾን ነው። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። እሷ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ቃላቱን በከንፈሯ ትከተላለች።

ሁለተኛው ስንኝ ያልቃል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከኋላው ሦስቱ አጃቢዎች "ዱ-ዋ፣ ዱ-ዋ" እያሉ ይገፉታል፤ እንደ ጎርፍ፣ ማቆሚያ የለውም።

ክሊዮፈስ እንደ ወጉ በዘፈኑ መካከል ያለ ዜማ የሚባለውን ንግግር ሊናገር ወደ ማይክሮፎኑ ይጠጋል። የሮስኮን ፊት ያያል። ያየው ነገር ፈገግታውን ያጠፋዋል። ንግግሩን ጨርሶ መመለስ ሲገባው ያልነበረ ቃል ይጨምራል።

"የኔ ቆንጆ፣ መብራቱን ተይው። እናትሽ ከተቆጣች እኔ ነኝ በያት። አባትሽ ከተቆጣ ግን... ሮስኮ ነው በይው።"

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ክሊዮፈስ ፋታ እየሰጠው ነው። ሳቁ ያልቃል። ክሊዮፈስም የሚጨምረው ያጣና ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሮስኮ የመጨረሻውን ስንኝ ይጀምራል። ቃሏ ልትደርስ ስትል ከማጅራቱ ጀርባ ዴሾን አየር ሲስብ ይሰማዋል፤ ረጅም፣ ጥልቅ፣ ለአጃቢ የማያስፈልግ ትንፋሽ። ሊደግፈው ይሁን ሊቀማው አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ይከፍታል።

ቃሏ ትወጣለች። ቀጭን፣ ጥርት ያለች፣ መጋረጃው ሊውጣት ያልቻለ። ወንበሮች ይንኳኳሉ፤ ሰዉ በሙሉ ከመቀመጫው ይነሳል። ዓይኑን ሲገልጥ የሚስቱ ባርኔጣ ሲወዛወዝ ይታየዋል። ጆሮው ተሞልቷል፤ አፉ እንደተከፈተ ነው፤ ድምፁ ግን ከእሱ ወይስ ከዴሾን ጉሮሮ እንደወጣ አልለየለትም።

እጁን ወደ አንገቱ ያነሳል፣ ጉሮሮው ከድምፁ ጋር ይርገበገብ እንደሆነ ሊዳስስ። ግማሽ መንገድ ላይ ማወቁን ይፈራና ለሕዝቡ ያውለበልበዋል።