የኋላው ጭነት

በያጁን የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» ይለዋል። መኪናው የሚሸከመው ጭነት ሙሉ በሙሉ ሳይጫንበት የአሞርዛተር መያዣ አይበይድም። የመንገዱን ንጠት የሚያበርደው አሞርዛተር ከፍታው ከሳተ፣ መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከሥር ይጋጫል።

ደንበኛው፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ይህን ያውቃል። አሮጌ መኪና ቆርጦና ቀጥሎ፣ ትልቅ ሞተር አስገብቶበት፣ ዐሥር ዓመት ደክሞበታል። የቀረው የኋላ አሞርዛተር ብቻ ነበር።

«ከኋላ ምን ይጫናል?» አለ ሚሊሜትር።

«ሳጥን። ሃያ አምስት ኪሎ። ውስጡ ሰባ።»

ሚሊሜትር ያን ያህል አሸዋ በከረጢት ጫነ፤ መኪናው ሲረጋ የመያዣውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገ።

በሳምንቱ ሰፊው ተመልሶ መጣ። «የውስጡን ስድሳ አራት አድርገው።»

«ሰውዬ፣ ጭነትህ ይተናል እንዴ?»

ሰፊው አልሳቀም። ሚሊሜትር አሸዋ ቀነሰ፤ መኪናው ከፍ አለ፤ ምልክቱ ተበላሸ። እያጉረመረመ ፋቀው።

«ባለቤትህ ደህና ናት?»

«እንቅልፍ የላትም። ስታለቅስ ነው የምታድረው።»

በሦስተኛው ሳምንት ሃምሳ ስምንት ሆነ። ሰፊው ሳጥኑንም ይዞ መጣ። አዲስ ጣውላ ነው፤ የሰው ቁመት አለው።

ሚሊሜትር ፈራ፤ በየሳምንቱ የሚቀንሰው የሴትዮዋ ክብደት መሰለው። ለደንበኛው ሁሉ ልክክ አድርጎ የሚሰፋ ሰው፣ የራሱ ኮት የተዋሰው ይመስል ትከሻው ላይ ይንጠለጠላል። ለራሱ ግድ የሌለው ለሚስቱ ምን ይገደዋል?

«ሐኪምስ ምን አለ?»

«ከእንግዲህ አትልፉ ብሎናል።» ሰፊው ይህን ሲናገር ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ይሄ ሰው ሴትዮዋን እየመረዛት ነው፣ አለ ሚሊሜትር በልቡ። የፖሊስ ጣቢያውን ስልክ ቁጥር ጽፎ ኪሱ ከተተ። ቢደውልና ባይሆንስ? ባይደውልና ብትሞትስ?

«ባለቤትህን ካላየሁ አልበይድም» አለው በመጨረሻ።

«እሑድ አብረን እንመጣለን» አለ ሰፊው።

እሑድ መጡ። ሴትዮዋ ጉንጯ ሙሉ፣ ክንዷ የደነደነ፣ ጤናማ ሰው ናት። ሚሊሜትር እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ። በደህና ሰው ላይ ስንት ነገር አስቦ ነበር!

ሰላም ብላው አለፈችና መሪውን ይዛ ተቀመጠች። «አይከብድም፤ እችለዋለሁ» አለች ወደ ፊት እያየች።

ሰፊው አሸዋውን በሙሉ አወረደ፤ ሳጥኑን ጫነና ውስጡ በጀርባው ተጋድሞ፣ «በል በይደው፤ ከዚህ በላይ የምቀንሰው የለኝም» አለ።