የዱባ ተረከዝ

ቤት ድረስ የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ጥንቸሏን ደረቷ ላይ አስደግፋ የኋላ እግሯን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታዞረው፣ አባወራው ጎንበስ ብሎ አየ። ተረከዟ ላይ የነበረው ፀጉር ተመልጧል። ቆዳው ቀልቶ አንድ ጥግ ላይ መቁሰል ጀምሯል። ስሟ ዱባ ነው፤ እንደ ስሟም ድብልብል ያለች ናት። ከሳምንት ወዲህ ግን አንዱን እግር ስታነሳ ሌላውን ስታሳርፍ ትውላለች፤ ካሮት ቢያሳዩዋት እንኳ ከቦታዋ አትነሳም።

"ትድናለች?" አለ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የቀን ጓደኛው እሷ ናት፤ ያለ እሷ ቤቱን ማሰብ አልፈለገም።

"አጥንት ጋ ሳይደርስ ስላገኘነው ትድናለች። ግን ምክንያቱ ካልተወገደ ቅባት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ አባባ።" ሐኪሟ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰችው። "ይሄን ወለል ማን ነው የሠራው?"

የአባወራው ደረት ተነፋ። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፍ ኖሯል፤ ይሄን ሳሎን ግን ገና በወጣትነቱ ለራሱ የሠራው ነው። በየጠዋቱ እንደ መስታወት ይወለውለዋል። "እኔ ነኝ። እስቲ ብይ አስቀምጪበት ልጄ፣ ንቅንቅ አትልም።"

"ያቆሰላት እሱ ነው።"

በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ሳቋን በእጇ አፈነች።

"ጥንቸል እንደ ድመት ለስላሳ መዳፍ የላትም" አለች ሐኪሟ፤ "ያላት ፀጉሯ ብቻ ነው። ደግሞ ወፍራለች፣ ጥፍሯም ረዝሟል። ጥፍሯን አሁን እቆርጠዋለሁ። እናንተ ካሮቱን ቀንሱላት፣ ድርቆሽ ጨምሩ፣ የምትሸናበትን ቦታ ሳይደርቅ አትተዉት። ወለሉ ግን ምንጣፍ ይልበስ።"

"ምንጣፍ?"

"እሱን ሠላሳ ዓመት ለምኜዋለሁ" አለች ሚስቱ ለሐኪሟ። "'ሙሽራ ላይ ጆንያ አይደረብም' ይለኛል። በረደኝ ስለው 'ጫማ አድርጊ'፣ ጫማ ሳደርግ ደግሞ 'ቧጨርሽው' ይላል።"

አባወራው ወለሉን አየ። ዱባን አየ። "እሺ" አለ፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው።

ሚስቱ ወዲያው ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጥቅልል ምንጣፍ እየጎተተች መጣች።

"ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?"

"አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቀን ይወጣለታል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

ተናደደ፤ ቢሆንም በእሱ ቤት ወለል የሚያነጥፍ ሌላ ሰው የለም። ተንበርክኮ ዘረጋው፣ ጠርዙን ከግድግዳው እኩል በስንዝር ለካ፣ እብጠቱን በክንዱ አስተካከለ። ሐኪሟ የዱባን ጥፍር ቆርጣ፣ ቁስሏን አጥባና ቀብታ ምንጣፉ ላይ አወረደቻት። ዱባ አሸተተች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ከዚያ በጎኗ ዝርግት አለች።

"ምን ሆነች?" አለ ደንግጦ።

"ተመችቷት ነዋ" ሳቀች ሐኪሟ፤ ቅባቱን በእጁ ሰጥታው ሄደች።

ሚስቱም በባዶ እግሯ ምንጣፉ ላይ ወጥታ ጣቶቿን አፍታታች። አባወራው ገና እንደተንበረከከ ስለነበር ተረከዟ ዓይኑ ሥር መጣ። ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። የጥንቸሏን በሳምንቱ ያየ ሰው ይሄን በስንት ዓመቱ ነው ያየው? አፈረ።

"እስቲ ቁጭ በይ። እግርሽን አምጪው።"

"የጥንቸል ቅባት እኮ ነው። ጆሮዬ ቢረዝምስ?"

አስቀምጧት እግሯን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ክዳኑን ከፈተና በሴራሚክ መሃል ሲሚንቶ ሲሞላ በኖረው አውራ ጣቱ ስንጥቁን አንድ በአንድ መሙላት ጀመረ።